የበጀት ዓመትና የሰው ዓመት

የተከበራችሁ የመንግሥት ተወካዮች፣ የበጎ ፈቃድ ማኅበራት ባልደረቦቼ፣ ትናንት በስደት መጥታችሁ ዛሬ እንግዳ የምትቀበሉ እህቶቼና ወንድሞቼ፤

እንዲህ ባለ ጉባኤ የተለመደው ልመና «በጀት ይጨመርልን» የሚል ነው። ቢጨመር ደስ ይለኛል። ዛሬ የምናገረው ግን ገንዘቡ ስለሚሰፈርበት ጊዜ ነው፤ ማኅበራትን ሲያዳክም ያየሁት እርሱ ነውና።

አዲስ የመጣች እናት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያስፈልጋት ለቁጥር ይመቻል፤ መኖሪያ ቤት፣ የጤና ምርመራ፣ የልጆች ምዝገባ። እነዚህ ሲያልቁ መዝገቧ ይዘጋል። ብቸኝነቱ የሚበረታው ከዚያ በኋላ ነው። ቋንቋው አልገባ ሲላት፣ ልጇ በማታውቀው ቋንቋ መሳቅ ሲጀምር፣ ከመሥሪያ ቤት የመጣውን ደብዳቤ የሚያነብላት ስታጣ፣ በሯን የሚያንኳኳው በጎ ፈቃደኛ ነው። ያን ጊዜ ግን ፕሮጀክቱ አልቆ፣ በጎ ፈቃደኛውን የሚያስተባብረው ሠራተኛም ተሰናብቶ ይሆናል።

አሜሪካን እንመልከት። በዚያ የመጀመሪያው የአቀባበል ድጋፍ የተተመነው ለ90 ቀናት ነበር፤ ስደተኞችን የሚቀበሉት ድርጅቶች ገንዘቡን የሚያገኙትም በሚቀበሉት ሰው ቁጥር ልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የበጀት ዓመት ወደ 85,000 የሚጠጉ ስደተኞች ገብተው ነበር፤ በ2020 የገቡት 12,000 እንኳ አልሞሉም። በመካከሉ ብዙ ቢሮዎች ተዘጉ፤ አስተርጓሚዎች ሌላ ሥራ ፈለጉ። በ2021 ከ70,000 በላይ አፍጋናውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲደርሱ ገንዘቡ ተገኘ፤ ሰዉ ግን ተበትኖ ነበር። የትኛው አከራይ ለአዲስ መጤ ቤት እንደሚሰጥ፣ የትኛው ቀጣሪ ቋንቋ እስኪለመድ እንደሚታገሥ የሚያውቅ ሠራተኛ በአንድ ደብዳቤ ተጠርቶ አይመለስም። በ2025 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ድርጅቶቹ በመንግሥት ገንዘብ የሚሠሩትን እንዲያቆሙ ታዘዙ፤ ትእዛዙ ገና ሦስት ወር ያልሞላቸውን፣ አገር ውስጥ የገቡ ቤተሰቦችንም ነካ።

ታዲያ ከመንግሥት ገንዘብ እንራቅ? አልልም። በካናዳ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ከ300,000 በላይ ስደተኞች በተራ ዜጎች ስፖንሰርነት ገብተዋል፤ ስፖንሰሮቹ በተለምዶ ለአንድ ዓመት ኑሯቸውን ይደግፋሉ። ሕክምናውንና ትምህርት ቤቱን የሚሸከመው ግን መንግሥት ነው። ስፖንሰሮቹ አጥብቀው የያዙት አንድ መርህ አለ፤ እኛ የምናመጣቸው ሰዎች መንግሥት ራሱ በሚያመጣቸው ላይ ይጨመሩ እንጂ ምትክ አይሁኑ ይላሉ። ይህን መርህ ከልቤ እወደዋለሁ።

ጥፋቱ የሰጪው ብቻ አይደለም፤ ይህን ስናገር ራሴንም ጨምሬ ነው። የድጎማ ማስታወቂያ ሲወጣ ዓላማችንን በማስታወቂያው ልክ የቆረጥንበት ጊዜ አለ። የማኅበሩ ገቢ በሙሉ ከአንድ ካዝና ሲወጣ ደግሞ፣ ማንም ዝም በሉ ሳይለን ዝም እንላለን። ስደተኛው ሲበደል እያየን «የሚቀጥለው ውል ይፈረምና» ብለን ቃላችንን እናዘገያለን። ከአባላት የሚሰበሰበው መዋጮ ትንሽ ቢሆንም የምሳሳለት ለዚህ ነው፤ አፋችንን የሚፈታልን እርሱ ነው።

የምጠይቀውም ይኸው ነው። ውላችን ቢያንስ የሦስት ዓመት ይሁን። ትንሽ ማኅበር በመጀመሪያ ከራሱ ያውጣ፣ ደረሰኝ ካቀረበ በኋላ ይከፈለዋል የሚለው አሠራር ይቅር፤ ወራት የሚያስጠብቅ ተቀማጭ የለንም። ለበጎ ፈቃደኞች ሥልጠና፣ ማስተባበሪያና መጓጓዣ የሚወጣው ወጪ በበጀቱ ውስጥ በስሙ ተጽፎ ይግባ። የሪፖርቱ ቅጽም ስንት ሰው ኮርስ እንደጨረሰ ከጠየቀ በኋላ፣ በ12ኛው ወር ስደተኛውን «ቢቸግርህ የምትደውልለት ጎረቤት አለህ?» ብሎ ይጠይቅልን።

ያንን ቅጽ ስታረቅቁ በስደት የመጡ ሰዎች አብረዋችሁ ይቀመጡ። ፈቃደኛ የሆኑትን የማኅበራችን አባላት ስም ዝርዝር ይዤ መጥቻለሁ፤ ከዚህ መድረክ ስወርድ ለተወካዮቹ አስረክባለሁ።

አመሰግናለሁ።