ዘንድሮ የገዛነው ተቀያሪ ነው

ጤና ይስጥልኝ የመድፈኞቹ፣ የሀዋሳ የአርሰናል ደጋፊዎች ቤተሰብ! እንኳን ለዓመታዊ ስብሰባችን በሰላም መጣችሁ። ከቱላ በባጃጅ የመጣችሁ፣ ከአቶቴ በእግራችሁ የመጣችሁ፣ ሻሸመኔ ሠርግ ላይ አምሽታችሁ በጠዋት የገባችሁ ሁሉ፣ እግራችሁ ይባረክ። ስብሰባውን በጥቅምት 2018 ዓ.ም. የእንግሊዝ ሊግ ለብሔራዊ ቡድኖች በቆመበት እሁድ ያደረግነው ሆን ብለን ነው። ጨዋታ ባለበት ቀን ብንጠራችሁ ኖሮ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የምንቀረው እኔና ጸሐፊያችን ብቻ ነበርን፣ እሱም ስልኩን ጠረጴዛ ሥር ይዞ።

ኮሚቴው ስለ መዋጮና ስለ ደንብ እንዳወራ አደራ ብሎኛል። እሺ ብያለሁ። ግን እንተዋወቃለን። ከበሩ እስከዚህ መድረክ ስመጣ ሰላም ያለኝ ሰው ሁሉ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «እንዴት ነው ዝውውሩ?» ስለዚህ መጀመሪያ እሱን እንጨርስ። መዋጮው የትም አይሄድም፣ ገና አልገባማ!

የኔ ሐሳብ አጭር ነው። ዘንድሮ ክለባችን ስም አልገዛም። ተቀያሪ ነው የገዛው። ይሄን ክረምት ከሌሎቹ ክረምቶች ሁሉ አብልጬ የወደድኩትም ለዚህ ነው።

«ሊቀመንበር፣ አጥቂው ዮኬሬሽ ስም አይደለም ወይ? አማካዩ ኤዜስ?» የምትሉ አላችሁ፣ ከኋላ ስታጉረመርሙ ይሰማኛል። ናቸው። ግን አምና ምን እንደጎዳን አስታውሱ። የቀኝ ክንፋችን ሳካ ከገና በፊት ጀምሮ የለም። አጥቂያችን ገብርኤል ጄሱስ በጥር ጉልበቱ ሄደ። በዚያው ወር ለአጥቂው ኦሊ ዋትኪንስ ያቀረብነውን ዋጋ አስቶን ቪላ አልቀበልም አለን፣ እኛም አንድ ሰው ሳናስፈርም የዝውውር መስኮቱ ተዘጋ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሌላው አጥቂያችን ካይ ሀቨርትዝ ዱባይ ልምምድ ላይ ታፋው ተጎድቶ ቀረ። ከዚያማ አማካያችን ሚኬል ሜሪኖ አጥቂ ተባለ። ሌስተር ላይ ተቀይሮ ገብቶ ሁለት ሲያገባ እዚህ ሀዋሳ «አጥቂ ተገኘ!» ብለን ጨፈርን። ጣሪያው እያፈሰሰ ባልዲ አገኘን ብሎ መጨፈር ማለት ያ ነው።

ውጤቱን ታውቁታላችሁ። 14 ጊዜ አቻ። እኛ 74 ነጥብ፣ ሊቨርፑል 84። ለሦስተኛ ተከታታይ ዓመት ሁለተኛ። በቻምፒዮንስ ሊግ ሪያል ማድሪድን በድምር 5 ለ 1 የገረፈው ቡድን፣ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ፓሪስ ሴንት ጀርሜይን ፊት ሲቆም አሰልጣኙ ዞር ብሎ የሚያስነሳው ሰው አጣ። የመጀመሪያዎቹ 11 ልጆች ከማንም አያንሱም ነበር። ያነሰው ከኋላቸው የተቀመጠው ነው።

ከዚያ ክረምቱ መጣ፣ ዝናቡና ወሬው አንድ ላይ። ሰኔና ሐምሌን የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ያሳለፋችሁ ምስክሮቼ ናችሁ። ግማሹ አጥቂው ሼሽኮ ይገዛ ባይ፣ ግማሹ የዮኬሬሽ ወገን። አንድ ቤት የሚኖሩ ወንድማማቾች ግሩፑ ላይ ሲሞላለጩ አምሽተው፣ መጨረሻ ላይ አንደኛው እዚያው ግሩፕ ላይ «ስትመጣ ዳቦ ይዘህ ና» ብሎ ጽፏል። ስም አልጠራም፣ እዚህ አሉ፣ እየሳቁ ነው። የዝውውር ጋዜጠኛው ፋብሪዚዮ ሮማኖ «ሂር ዊ ጎ» ብሎ ዝውውሩ ማለቁን እስኪናገር ድረስ እንቅልፍ ያልነካው ሰው ብዙ ነበር። በመጨረሻ ሼሽኮ ማንችስተር ዩናይትድ ገባ፣ ዮኬሬሽ ደግሞ በሐምሌ ለኛ ፈረመ። የድሮውን ጀግናችንን የሄንሪን 14 ቁጥር ነው የሰጡት።

ሰውዬው ከስፖርቲንግ ሊዝበን የመጣው በመጨረሻው ዓመቱ በ52 ጨዋታ 54 ጎል አግብቶ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ጨዋታ ኦልድ ትራፎርድ፣ ማንችስተር ዩናይትድ ሜዳ ላይ ኳስ ሁለት ሦስቴ ሲያመልጠው የዲኤስቲቪ ቤቱ ግማሽ «ተበላን» አለ። አንድ ጨዋታ! እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። በሚቀጥለው ጨዋታ ኳሱን ተዉትና እሱን ብቻ እዩት። ሁለት ተከላካይ እላዩ ላይ ተለጥፎ ነው የሚውለው። እነዚያ ሁለቱ አምና ሳካ ላይ ነበሩ። ይሄን ስል ጎል ባያገባም ግድ የለኝም ማለቴ አይደለም። 14 ቁጥር ለብሶ ተከላካይ መጎተት ብቻ አይበቃም፣ እሱንም ነግረነዋል፣ በቴሌቪዥኑ በኩል ይሰማ እንደሆነ እንጃ።

የክረምቱ ምርጥ ግዢ ማን ነው ካላችሁኝ ግን አማካዩ ዙቢሜንዲ ነው፣ ክርክር አልቀበልም። ልጁ ካቻምና ክረምት ሊቨርፑል ሲለምነው ሪያል ሶሲዬዳድ እቀራለሁ ብሎ እምቢ ያለ ነው። በዓመቱ ለኛ ፈረመ። መስከረም 3 ቀን ኖቲንግሃም ፎረስት ላይ ከማዕዘን ምት ተመልሳ የወጣችውን ኳስ መሬት ሳትነካ የለጋትን አያችሁ አይደል? እዚህ ፊት የተቀመጡት ጋሼ ያን ዕለት ሻያቸውን አጠገባቸው ባለው ሰው ሱሪ ላይ ደፍተውታል፣ ሰውዬውም አልተቆጣም። እሷ ጎል ቀርታ፣ ልጁ ኳስ ሲቀበል አንገቱን አዙሮ ኋላውን የሚያይበትን መንገድ ብቻ እዩ። ገና ኳሱ ሳይደርሰው ለማን እንደሚሰጥ ያውቃል። በሱ ምክንያት ሌላው አማካያችን ራይስ ወደ ፊት መውጣት ቻለ። አንድ ሰው ገዝተን ሁለት ቦታ ተስተካከለልን።

ከቼልሲ ስለመጣው የክንፍ ተጫዋች ስለ ማዱኬ ደግሞ ልቆጣ ነው። ልጁ ገና ሳይፈርም «ማዱኬን አንፈልግም» የሚል ፊርማ ኢንተርኔት ላይ ሲሰበሰብ ከኛም ግሩፕ ሼር ያደረጋችሁ ነበራችሁ። ለንደን ውስጥ የግድግዳ ሥዕል ላይ ሳይቀር ጻፉበት። 23 ዓመት ልጅ ነው! አዲስ ሥራ የሚጀምር የራሳችሁ ወንድም ቢሆን በሩ ላይ እንዲህ ብለው ቢቀበሉት ምን ትሉ ነበር? ከዚያ ሳካ ሲጎዳ የቀኙን ክንፍ ተሸክሞ ፎረስትን ያመሰው ማን ሆነ? ያኔ ደግሞ እነዚያው ሰዎች «እኔ ድሮም ብያለሁ» አሉ። ስክሪንሾት አለኝ። እራት ላይ እናወራለን።

ኤዜን ግን ማንም አልተቃወመም። መቼም ከቶተንሃም አፍ ላይ ነጥቆ ማምጣት የሚሰጠው ደስታ ሌላ ነው። ልጁ በ13 ዓመቱ ከአርሰናል አካዳሚ የተባረረ ነው። አድጎ፣ በግንቦት ክሪስታል ፓላስን ማንችስተር ሲቲ ላይ ባገባት አንዲት ጎል የኤፍኤ ዋንጫ አስበልቶ፣ ቶተንሃም ጨረስኩ ሊል ሲል ሀቨርትዝ እንደገና ተጎዳና ክለባችን ደወለ። ወሬው የደረሰን ማታ ነበር። ፒያሳ ሻይ የሚጠጡ ልጆቻችን የጮኹት ጩኸት የቤቱን ባለቤት ጠብ ተነሳ ብሎ ከጓዳ አስወጥቶታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልመለስ። ዘንድሮ ጉዳት ቀረ ወይ? አልቀረም። ሀቨርትዝ ወጣ፣ ሳካ ወጣ፣ ኦዴጋርድ ወጣ፣ ሊቨርፑል ላይ ተከላካያችን ሳሊባ ገና ጨዋታው ሲጀመር ወጣ፣ ማዱኬም ተከተለ። የአምናው በሽታ ራሱ ነው። ልዩነቱ ሳሊባ ሲወጣ ሞስኬራ ገባ። ይሄን ልጅ ከቫሌንሲያ በ13 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነው ያመጣነው፣ በዛሬው ገበያ ስጦታ በሉት። የሊቨርፑልን ሜዳ አንፊልድን እንደ ሰፈሩ ሜዳ ቆሞበት ዋለ። ያቺ የሶቦስላይ ቅጣት ምት ባትኖር ነጥብ ይዘን እንመለስ ነበር።

ቢልባኦ ላይ ማርቲኔሊ ከወንበር ተነስቶ ደቂቃ ሳይሞላው አገባ፣ ያቀበለው ትሮሳርም ተቀያሪ ነው፣ ከዚያ ደግሞ ትሮሳር ራሱ አገባ። ሲቲ ላይ 93ኛው ደቂቃ፣ ሰው ኪሱን እየዳበሰ ሊወጣ ሲል፣ ከእረፍት በኋላ የገባው ኤዜ ከተከላካይ ጀርባ ጣላት፣ ማርቲኔሊ በግብ ጠባቂው ዶናሩማ አናት ላይ አሳለፋት። በመስቀል ማግስት ኒውካስል ላይ እነሱ ሲመሩን ቆይተው በግንባሩ አቻ ያደረገን ሜሪኖ ነው፣ እሱም ተቀይሮ ነው የገባው፤ በጭማሪው ሰዓት ተከላካዩ ገብርኤል ጨረሰው። አያችሁ? ያው ሜሪኖ ነው። አምና ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር ብቻውን ቆሞ ነበር፣ ዘንድሮ ሲደክማቸው የሚገባ ሰው ሆነ። ዛሬ ከ7 ጨዋታ 16 ነጥብ ይዘን ሊጉን እየመራን ነው። ገና ጥቅምት ነው፣ አውቃለሁ፣ ጋሼ አያፍጥጡብኝ፣ ዋንጫ አላልኩም።

አንድ ቅሬታ አለኝ፤ መሸጥ አናውቅም። ከ250 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አውጥተን ከሽያጭ የገባልን የሱ ትንሽ ቁራጭ ነው። ቲየርኒ፣ ጆርጂንሆ፣ ፓርቴይ በነፃ ሄዱ። ዚንቼንኮ፣ ቪዬራ፣ ኔልሰን በውሰት። ቼልሲን እዩ፣ ማዱኬን 30 ሚሊዮን ገደማ ገዝቶ ለኛ 50 ገደማ አስታቀፈን። የገንዘብ ነገር የሚከብዳችሁ ካላችሁ እንዲህ ነው። ለአንድ ተጫዋች 60 ሚሊዮን ፓውንድ አወጣን እንበል፣ በብር ስትመቱት ከ10 ቢሊዮን በላይ ነው፣ አትምቱት፣ ያማል። ክለቡ ይሄን ለ5 ዓመት ኮንትራት ሲከፍል መዝገቡ ላይ በዓመት የሚያርፈው 12 ሚሊዮን ነው። ሲሸጥ ግን ትርፉ በዚያው ዓመት ይገባል። እስከ 2025/26 ድረስ የሚሠራው የሊጉ ደንብ ደግሞ በ3 ዓመት ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አትክሰሩ ይላል። ስለዚህ የዘንድሮው ግዢ የሚቀጥሉትን ዓመታት በጀት እየበላ ነው። ተከላካዩ ሂንካፒዬ ነሐሴ 26 ማታ፣ መስኮቱ ሊዘጋ ሲል፣ በውሰት ሆኖ፣ ከፈለግን ወደፊት በ45 ሚሊዮን እንድንገዛው የተደረገውም አለምክንያት አይደለም። ሂሳቡ ወደሚቀጥለው ዓመት ተገፋ። ብልሃት ነው፣ ግን ዕዳ ዕዳ ነው። የክለባችን ስፖርት ዳይሬክተር አንድሬያ በርታ ከአትሌቲኮ ማድሪድ መጥቶ መግዛቱን አሳይቶናል፣ የሚቀጥለው ክረምት መሸጡን ያሳየን።

እግረ መንገዴን፣ እዚህ ውስጥ አብዛኞቻችን የሀዋሳ ከነማም ደጋፊዎች ነን። አርሰናል ሳይሸነፍ ዋንጫ በበላበት በ1996 ዓ.ም. ከነማችንም የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን በላ። ከነማ በ1999 ደገመው። አርሰናል እስከዚህ ጥቅምት 2018 ድረስ አልደገመም። ስለዚህ የሊግ ዋንጫ ካየን የቆየነው በየትኛው ማልያ እንደሆነ አትርሱ፣ ስቴዲየም ስትጠሩም «ቴሌቪዥን ላይ አያለሁ» አትበሉ።

ወደኛ ቤት ስንመጣ የማኅበራችን አሰላለፍ አምና የነበረው የአርሰናል አሰላለፍ ነው። የታመመ ሲጠየቅ የሚሄዱት፣ ለቅሶ ላይ ድንኳን የሚተክሉት፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የሚጎትቱት እነዚያው ሦስት ሰዎች ናቸው። አምና ከነሱ አንዷ ወልዳ ስትተኛ መዋጮ የሚሰበስብ ሰው ጠፍቶ ሁለት ወር ባዶ መዝገብ ይዘን ቆየን። እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ተቀያሪ አለማዘጋጀታችን ነው። ስለዚህ ዛሬ በምርጫው ላይ ለእያንዳንዱ የኮሚቴ ቦታ አንድ ተጠባባቂ ይመረጣል። ደንቡ ላይ የሚጨመረውን አንቀጽ ጸሐፊያችን ያነብላችኋል። እጅ ስታወጡ ጓደኛችሁን ለማሾፍ አይሁን፣ የተመረጠ ሰው ይሠራል።

ወጣቶች፣ ውርርድ ላይ አንድ ቃል ብቻ። በማኅበሩ ስም ተበድሮ የቆረጠ ሰው ካለ ይመልስ። ዝርዝሩን ለብቻ እንነጋገራለን።

ቅዳሜ ፉልሃም ነው፣ ከሜዳችን ውጪ፣ ማታ 1:30። ከጥቅምት 16 በኋላ የእንግሊዝ ሰዓት ስለሚቀየር 4 ሰዓት ይጀመሩ የነበሩት የማታ ጨዋታዎች 5 ሰዓት ይሆናሉ። ሲያልቁ እኩለ ሌሊት ያልፋል፣ ባጃጅ አይገኝም። ሴት እህቶቻችንና ከቱላ የሚመጡት አብረው የሚሄዱበት መኪና እያፈላለግን ነው፣ መኪና ያላችሁ ከምሳ በፊት ጸሐፊው ጋ ተመዝገቡ። ምሳው ከአሞራ ገደል የመጣ አሳ ነው፣ ለብለቡም ጥብሱም አለ፣ ሪፖርቱ ካለቀ በኋላ ብቻ ነው የሚቀርበው። ገንዘብ ያዣችን፣ ና፣ መድረኩ ያንተ ነው።