የተዋስነው ድምፅ፦ ለማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የሥራ አመራር ቦርድ አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን እንኳን በሰላም አደረሰን እላለሁ። የሥራ ክንውንና የሒሳብ ሪፖርቱ ከእኔ ቀጥሎ በዝርዝር ስለሚቀርብ እዚያ ውስጥ አልገባም። የተሰጠኝን ጊዜ ለአንድ ጥያቄ ብቻ ላውለው ወደድኩ፤ ይኸውም አንዲት ሴት፣ መሪም ትሁን ሥራ ፈጣሪ፣ የራሷን የአመራር ስልት ከየት ታገኘዋለች የሚለው ነው።

ጥያቄውን ያስነሳብኝ የራሴ ስሕተት ነው። ድርጅቴን ባቋቋምኩ ሰሞን ሰው መምራት ማለት የቀድሞ አለቃዬ ያደርጉት የነበረውን መድገም ይመስለኝ ነበር። ስብሰባ ላይ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ ጫፍ እመታለሁ፤ ሐሳብ ሳልጠይቅ እደመድማለሁ፤ ድምፄን ሳይቀር አወፍር ነበር። አንድ ቀን ለደንበኛ የላክነው የዋጋ ማቅረቢያ ድምሩ ተሳስቶ ተመለሰልን። ሰነዱን የተየበችው ባልደረባችን ስሕተቱን ሳይላክ በፊት አይታው ኖሯል። ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት «እርስዎ ከወሰኑ በኋላ ምን ይባላል ብዬ ነው» አለችኝ። በቁጣ ብትናገረው ይቀለኝ ነበር፤ እሷ ግን የተናገረችው ሁሉም የሚያውቀውን የቢሮ ደንብ እንደምታስታውሰኝ ሆና ነው።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄድኩ። ሴት መሪ እንደ እናት ናት ሲባል ሰምቼ ስለነበር ሁሉን የምታባብል፣ ማንንም የማታስከፋ አለቃ ልሁን አልኩ፤ ውጤቱ ለወራት ሲንከባለሉ የከረሙ ውሳኔዎች ሆኑ። ያም ቢሆን የተውሶ ድምፅ ነበር፤ ልዩነቱ አዋሹ መቀየሩ ብቻ ነው።

ሴት መሪ ለሰው፣ ወንድ መሪ ለሥራው ያደላሉ የሚለው አባባል ብዙዎቻችን ሳንመረምር የምንቀበለው ነው። ተመራማሪዎቹ አሊስ ኢግሊ እና ብሌር ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1990 ቀደም ሲል የተሠሩ በርካታ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ በእውነተኛ የሥራ ቦታዎች ላይ ይህን ልዩነት አላገኙትም። ያገኙት ልዩነት ሌላ ነው፤ ሴቶች ሠራተኞቻቸውን በውሳኔ የማሳተፍ ዝንባሌያቸው ከወንዶች ከፍ ያለ ሆኖ ታየ። ይህን የተፈጥሮ ጸጋ አድርጎ መውሰድ ያጓጓል፤ እኔ ግን ቢያንስ በከፊል ከልምድ የመጣ ይመስለኛል። ትእዛዟ በቀላሉ ተቀባይነት የማያገኝላት ሴት ሰዎችን ከውሳኔው በፊት ማሳመንን ትማራለች፤ ግድ ሆኖባት የጀመረችው ነገር እያደር ስልቷ ይሆናል።

የሥራ አመራር አስተሳሰብን ከቀየሩት ሰዎች አንዷ የሆኑት ሜሪ ፓርከር ፎሌት፣ በሌላው ላይ በሚጫን ሥልጣንና ከሌላው ጋር በሚገነባ ሥልጣን መካከል ያለውን ልዩነት ያስተማሩት ፋብሪካ መርተው አልነበረም። በቦስተን ከተማ የሰፈር ነዋሪዎችን በሚያገናኙ ማዕከላት ውስጥ ለዓመታት ሠርተው ነው። እዚያ ማንም ማንንም ማዘዝ አይችልም፤ ሰው ካልተስማማ ተነሥቶ ይሄዳል።

ከሁሉ ይበልጥ የምወደው ምሳሌ ግን የሕንዱ ነው። የሕግ ባለሙያዋ ኤላ ባት እ.ኤ.አ. በ1972 በአሕመዳባድ ከተማ ሴዋ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀውን በግል ሥራ የሚተዳደሩ ሴቶች ማኅበር አቋቋሙ። አባላቱ ዕቃ ተሸካሚዎች፣ የመንገድ ዳር ቸርቻሪዎች፣ ቤታቸው ተቀምጠው የሚሰፉ ሴቶች ነበሩ፤ ቋሚ አሠሪ ስለሌላቸው ሠራተኛ ተብለው አይቆጠሩም፣ ማስያዣ ስለሌላቸውም ባንክ ብድር አይሰጣቸውም። በ1974 4,000 ያህል ሴቶች እያንዳንዳቸው 10 ሩፒ አዋጥተው የራሳቸውን የኅብረት ሥራ ባንክ መሠረቱ። ነገር ግን ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ አይችሉም፤ ባንክ ደግሞ ደንበኛውን የሚለየው በፊርማ ነው። ስለዚህ አባሏ የሒሳብ ቁጥሯ የተጻፈበትን ትንሽ ሰሌዳ በእጇ ይዛ ፎቶግራፍ እንድትነሣ ተደረገ፤ ፎቶግራፉም በፊርማ ፈንታ መለያዋ ሆነ። ይህን ዘዴ ማንም ከማንም አልኮረጀውም፤ የተለመደው አሠራር ለእነዚያ ሴቶች አልገጥም ባለበት ቦታ ላይ የተገኘ ነው።

ሥራ ፈጠራንም በሚመለከት፣ ሴቶች በትንሹ ስለሚጀምሩና ከብድር ስለሚሸሹ ፈሪዎች ናቸው ሲባል እንሰማለን። ሳራስ ሳራስቫቲ የተባሉት ተመራማሪ ግን ልምድ ያካበቱ ሥራ ፈጣሪዎች በእጃቸው ካለው ተነሥተው፣ ቢከስሩ ሊሸከሙት የሚችሉትን ብቻ እያወጡ እንደሚሠሩ አሳይተዋል። እኛ ስናደርገው ፍርሃት የሚባለው ለምን እንደሆነ ራሱን ችሎ ሊያነጋግር የሚችል ነው።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ማሳተፍ «የሴት አመራር» የሚል ስም ወጥቶለት ሁላችንም የምንለብሰው የደንብ ልብስ እንዳይሆን እሰጋለሁ። የደመወዝ ቀን ደርሶ ካዝናው ባዶ ሲሆን፣ ወይም የሥራ ባልደረባን ማሰናበት ግድ ሲሆን፣ ውሳኔው የመሪዋ ብቻ ነው፤ በዚያ ሰዓት ምክክር ኃላፊነትን መሸሻ ይሆናል። ከመካከላችን ብቻቸውን ፈጥነው መወሰን የሚሆንላቸው አሉ፤ እነሱም ሴትነታቸው አልጎደለም።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ለሚኖረን የቡድን ውይይት እያንዳንዳችሁ በዚህ ዓመት የወሰናችሁትን፣ ዛሬም ድረስ ልክነቱን እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን አንድ ውሳኔ ይዛችሁ እንድትቀርቡ እጠይቃለሁ። የስኬት ታሪኮችን በማታው የሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ እንሰማለን። እኔም የእኔን ይዤ እቀርባለሁ፤ ገና ትኩስ ነው።

ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን እያበሰርኩ፣ የማኅበራችንን ዋና ጸሐፊ ሪፖርታቸውን እንዲያቀርቡ ወደ መድረኩ እጋብዛለሁ።