ጣሳው ላይ ያለው መልሕቅ ከየት መጣ?

(ምስል፦ የዱቄት ወተት ጣሳ፣ በቅርበት)

አንከር ወተት። አዲስ አበባ ሱቅ የገባ፣ ወይም ዱባይ የኖረ ሰው ይህን ስም አያጣውም። አንከር በእንግሊዝኛ መልሕቅ ማለት ነው። ጣሳው ላይ ያለውን የመርከብ መልሕቅስ ልብ ብላችሁታል? ወተትና መርከብን ምን አገናኛቸው?

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ስደተኛ ነው። ሄንሪ ሬይኖልድስ ይባላል። ከእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ከኮርንዎል ተነስቶ ኒውዚላንድ ገባ። ጎጆ የቀለሰው ዋይካቶ በሚባለው ለምለም አካባቢ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ግን አላልፍም። ዋይካቶ ባለቤት ነበረው። እ.ኤ.አ. ከ1863-64ቱ ጦርነት በኋላ መንግሥት ከአገሩ ነባር ሕዝብ ከማኦሪ ሰፊ መሬት ወርሶ ሰፋሪዎችን አሰፈረበት። ዘውዱ፣ ማለትም የኒውዚላንድ መንግሥት፣ በሕግ ይቅርታ የጠየቀው በ1995 ነው። የሰፋሪዎቹን ታሪክ ስንሰማ ይህ ሊረሳ አይገባም።

(ምስል፦ የእንጨት መናጫ)

ወደ ቅቤው እንመለስ። ያኔ ቅቤ የሚናጠው በየገበሬው ጓዳ ነበር። ሴቶቹ ንጠው ባለሱቅ ዘንድ ይወስዱትና በሸቀጥ ይለውጡታል። ባለሱቁ የሁሉንም አንድ ላይ ይደባልቀዋል። አንዱ ለጋ፣ አንዱ የከረመ፣ አንዱ ጨው የበዛበት! ቅቤ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ችግሩ ይገባዋል። አንድ የሸተተ ከገባ ሁሉም ተበላሸ ማለት ነው።

ሬይኖልድስ በ1886 ፑኬኩራ በምትባል መንደር የቅቤ ፋብሪካ ከፈተ። ቅቤው አንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት አሠራር፣ በአንድ ስም፣ አንከር ተብሎ፣ ይወጣ ጀመር።

ጊዜውም ረድቶታል። ስዊድናዊው ጉስታፍ ደ ላቫል የክሬም መለያ ማሽን የሠራው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ማሽኑ ወተቱን በፍጥነት ያሽከረክረዋል። ከባዱ ወተት ወደ ዳር ይገፋል፣ ቀላሉ ክሬም መሃል ይቀራል። በ1882 ደግሞ ዱኒዲን የተባለች ማቀዝቀዣ ያላት ባለ ሸራ መርከብ የበረደ ሥጋና ቅቤ ጭና፣ በ98 ቀን ለንደን ደርሳ ነበር። የኒውዚላንድ ቅቤ ሳይበላሽ ባሕር መሻገር ቻለ ማለት ነው።

ሬይኖልድስ በ1896 ሥራውን ከነምልክቱ ለኒውዚላንድ ዴይሪ አሶሴሽን ሸጠ። ኩባንያው ከሌሎች ጋር እየተዋሃደ ኖሮ በ2001 ፎንቴራ የተባለው ግዙፍ የወተት ኩባንያ ሆነ።

መልሕቁስ? እንደሚተረከው፣ ሬይኖልድስ ዘንድ አንድ ሠራተኛ ነበር። ክንዱ ላይ መልሕቅ ተነቅሷል። ሬይኖልድስ ንቅሳቱን አየና ለቅቤው ምልክት አደረገው።

(ምስል፦ ጣሳው እንደገና)