ስለ ማልዲኒ ልናወራ ገብተን የአጎቴ ሱሪ ያዘን

ሰይድ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬም ከደሴ ነን። ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መስኮታችን ላይ ተለጥፏል። መቅዲ ጋቢ ለብሳ ነው የመጣችው።

መቅደስ፦ ብርድ ነዋ! ይልቅ ርዕሱን ተናገር።

ሰይድ፦ ርዕሳችን ተከላካይ ነው። የጣሊያኑ ክለብ የሚላን ተከላካይ፣ ፓውሎ ማልዲኒ። የኳስ ሕይወቱን ከጅምሩ እስከ ስንብቱ እናያለን ብለናል።

መቅደስ፦ ብለሃል። እኔ ስለ አጥቂ ነበር የፈለግኩት።

ሰይድ፦ አየሽ፣ ችግሩ ይኸው ነው። እኛ ሰፈር ቡድን ሲከፈል መጀመሪያ አጥቂ ይመረጣል። ቀጥሎ አብዶ የሚሠራው። መጨረሻ የተረፈውን «አንተ ኋላ ቁም» ይሉታል።

መቅደስ፦ አንተን ማለት ነው።

ሰይድ፦ እኔን ተይኝ። አጎቴን ልንገርሽ።

መቅደስ፦ ጀመረ! አድማጮቻችን፣ አጎቱ መጣ።

ሰይድ፦ ወላሂ ዛሬ ከርዕሱ ጋር ይገናኛል። አጎቴ ሆጤ ሜዳ ላይ የሰፈራችን መሀል ተከላካይ ነበር። ያለው አንድ ሱሪ ነው። ቡኒ፣ ለሰርግ የተሰፋ። የራሱ ሰርግ እንዳይመስልሽ፣ ሚዜ ሆኖ ነው።

መቅደስ፦ በሚዜ ሱሪ ኳስ?

ሰይድ፦ በሚዜ ሱሪ! ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ አለው። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ይጠቀልልና በላስቲኩ ያስረዋል። ሆጤ ክረምት ላይ ጭቃ ነው፣ ታውቂዋለሽ። አያቴ ደግሞ ያንን ሱሪ አቆሽሸህ ከመጣህ እራት የለም ብላዋለች። ስለዚህ ሸርተቴ የሚባል ነገር አይወርድም። በጭራሽ!

መቅደስ፦ ታዲያ ኳሱን እንዴት ይነጥቃል?

ሰይድ፦ ቀድሞ ይደርሳላ! አጥቂው ወዴት እንደሚዞር ገና ሳይወስን እሱ እዚያ ቆሟል። ሩጫ የለ፣ ግፊያ የለ። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ፣ በቃ። አጥቂው ቀና ሲል አጎቴ ፊቱ ላይ ነው። ኳሱን ይወስድበትና «አብሽር» ይለዋል።

መቅደስ፦ (ሳቅ) ቀምቶ ያጽናናል?

ሰይድ፦ ቀምቶ ያጽናናል። ወሎዬ ነዋ!

መቅደስ፦ እሺ፣ ማልዲኒ ግን የሚላን ልጅ ነው። ወደዚያ እንሂድ።

ሰይድ፦ እየሄድኩ እኮ ነው። ማልዲኒም እንደዚሁ ነበር ልልሽ ነው። ሸርተቴ ሲወርድ ያምርበታል፣ አልክድም። ግን አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልገውም። ጎኑን ሰጥቶ ይቆማል፣ አጥቂውን ወደ መስመሩ ይሸኘዋል። ደግሞ ቀኝ እግረኛ ነው። ቀኝ እግረኛ ሆኖ ያን ሁሉ ዓመት በግራ ተመላላሽነት መጫወት ቀላል መሰለሽ?

መቅደስ፦ የአጎትህ ሱሪ ቢኖረው ደግሞ...

ሰይድ፦ ተይው ሱሪውን! የጀመረው በፈረንጆቹ ጥር 1985 ነው። ኡዲኔዜ ላይ፣ ከእረፍት መልስ ተቀይሮ ገባ። 16 ዓመቱ ነው። በኛ ጥር 77 መሆኑ ነው።

መቅደስ፦ 77 ስትል እዚህ አገር ኳስ ትዝ የሚለው ሰው የለም።

ሰይድ፦ የለም። እናቴ ዛሬም 77 ሲባል ወሬዋን ታቆማለች።

መቅደስ፦ የኛም ቤት እንደዚያው ነው።... ቀጥል እስቲ።

ሰይድ፦ እሺ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ 2009 ሌላ ክለብ አያውቅም። ለሚላን 902 ጨዋታ። ሴሪ ኤ ብቻ 647። አምስት የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ። አምስት!

መቅደስ፦ አባቱም አምበል ነበር አይደል?

ሰይድ፦ ቼዛሬ! በ1963 ዌምብሌይ ላይ ዋንጫውን በአምበልነት አነሳ። ልጁ ደግሞ በ2003፣ ልክ ከ40 ዓመት በኋላ፣ እዚያው እንግሊዝ አገር ኦልድ ትራፎርድ ላይ አነሳ። ያውም በአምበልነት። አንድ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

መቅደስ፦ አሁን ደግሞ የፓውሎ ልጅ ዳንኤል አለ። እሱ ግን አጥቂ ነው። ዘር ይሻሻላል እያልኩህ ነው።

ሰይድ፦ አላህ ይይልሽ! የ1994ቱን የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ ልንገርሽ። ሚላን ከባርሴሎና። ባሬሲና ኮስታኩርታ በቅጣት የሉም። ሁለቱም የመሀል ተከላካዮች! ማልዲኒን ከግራ አምጥተው መሀል አቆሙት። ፊት ለፊቱ ሮማሪዮና ስቶይችኮቭ አሉ። ስንት አለቀ?

መቅደስ፦ 4 ለ 0። ሚላን።

ሰይድ፦ 4 ለ 0! ሰው ሁሉ የሚያወራው ግን ስለ ሳቪሴቪች ጎል ነው። ጎሏ ታምራለች፣ እሺ። ባዶ የወጣው መረብስ? ዜሮዋን ማን ጻፋት?

መቅደስ፦ እሺ፣ እኔም ልናገር። ኢስታንቡል 2005፣ የዚያው ዋንጫ ፍጻሜ፣ ሚላን ከሊቨርፑል። በመጀመሪያው ደቂቃ ራሱ ማልዲኒ አገባ። 3 ለ 0 መሩ። ከእረፍት መልስ ሊቨርፑል በስድስት ደቂቃ ውስጥ ሦስት አገባ። ያን ጊዜ ተከላካይህ የት ሄዶ ነበር?

ሰይድ፦ ...

መቅደስ፦ ዝም አለ! ይመዝገብልኝ!

ሰይድ፦ ያቺን ሌሊት አታንሺብኝ። ስድስት ሰዓት አልፎ ነው ያለቀው። በመለያ ምት ተሸንፈን በጨለማ ወደ ቤት ስንወጣ ማንም ከማንም ጋር አላወራም።

መቅደስ፦ የ2002ቱ የዓለም ዋንጫስ? ጣሊያን ከደቡብ ኮሪያ። ተጨማሪ ሰዓት ላይ አን ጁንግ ህዋን በቴስታ ሲያገባ ከአጠገቡ የዘለለው ማን ነበር?

ሰይድ፦ ማልዲኒ ነው፣ እሺ። አየሽ ግን፣ አጥቂ አሥር ስቶ አንድ ካገባ ይጨፈርለታል። ተከላካይ ዘጠኝ መቶ ጨዋታ ተጫውቶ ሁለቱን ትቆጥሪበታለሽ።

መቅደስ፦ የምቆጥረው የዓለም ዋንጫ ስለሌለው ነው። ሌላው የጣሊያን ተከላካይ ካናቫሮ በ2006 አምበል ሆኖ አነሳ፣ የዓመቱን ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ባሎንዶሩንም ወሰደ። ማልዲኒ 126 ጊዜ ለአገሩ ተሰልፎ ምን አመጣ? የ1994ቱ የዓለም ዋንጫ ላይ በመለያ ምት፣ ዩሮ 2000 ላይ በወርቃማ ጎል። ሁለት ፍጻሜ፣ ባዶ እጅ።

ሰይድ፦ ባሎንዶር ላይ ሁለት ጊዜ ሦስተኛ ወጥቷል። በ1994 እና በ2003። ለተከላካይ ቀልድ አይደለም።

መቅደስ፦ ሦስተኛ ሦስተኛ ነው።

ሰይድ፦ ካናቫሮ በአንድ ዓመት ነው የነገሠው። ይሄ ሰውዬ 25 የውድድር ዓመት ነው!

መቅደስ፦ እሺ፣ በዕድሜ ርዝመት ሰጠሁህ። በቁመት ግን...

ሰይድ፦ ካናቫሮ አጭር ነው እኮ!

መቅደስ፦ (ሳቅ) ክብርን ነው ያልኩት።

ሰይድ፦ ስለ ክብር ካነሳሽማ ስንብቱን ስሚ። ግንቦት 2009፣ ሳን ሲሮ፣ ከሮማ ጋር። ሜዳውን እየዞረ ደጋፊውን ሲሰናበት ከራሱ ጽንፈኛ ደጋፊዎች የተወሰኑት ፉጨት ለቀቁበት። የቀድሞውን አምበል የባሬሲን ማልያ ሰቅለው አምበላችን አንድ ነው አሉ።

መቅደስ፦ የራሱ ሰዎች?

ሰይድ፦ የራሱ! በሳምንቱ የመጨረሻ ጨዋታውን ፊዮሬንቲና ሜዳ ላይ አደረገ። የሰው አገር ደጋፊ ብድግ ብሎ አጨበጨበለት።

መቅደስ፦ ኧረ ይሄ ያናድዳል። ለምን ግን? ምን አድርጓቸው ነው?

ሰይድ፦ ጎንበስ አይልላቸውም ነበራ። የሚያጠፉትን ፊት ለፊት ይነግራቸዋል።

መቅደስ፦ በዚህ ካናቫሮን ይበልጣል። በዚህ ብቻ ግን! የሚቀጥለው ክፍል ስለ አጥቂ ነው፣ ከአሁኑ ተናግሬያለሁ።

ሰይድ፦ ሌላው ተከላካይ ኔስታስ? ስለ ኔስታ ገና ምን አወራን?

መቅደስ፦ ማይኩን አጥፉት!