መጽሔቱ ለምን እንዲህ አማረ?

[ምስል፦ ባሕር ዳር፣ የጣና ዳርቻ፣ አመሻሽ። ወጣቶች ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል።]

ሰላም ወዳጆቼ። ዛሬ ከጣና ዳር ሆኜ ስለ መጽሔት ላወራችሁ ነው። ሽፋኑ ያማረ፣ ፎቶው ጥርት ያለ መጽሔት። አዘጋጆቹ ግን አልቃይዳና አይሲስ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2010 የመን ያለው የአልቃይዳ ክንፍ ኢንስፓየር የተባለ የእንግሊዝኛ መጽሔት በኢንተርኔት መልቀቅ ጀመረ። አዘጋጁ ሳሚር ኻን አሜሪካ ያደገ ወጣት ነበር። የምዕራቡን ወጣት አነጋገርና ብሶት ጠንቅቆ ያውቃል። አልቃይዳን የጠቀመውም ይህ ነው። በ2011 በአሜሪካ ድሮን ተገደለ፤ መጽሔቱ ግን ቀጠለ።

[ምስል፦ የአፍሪካ ቀንድ ካርታ።]

ወደ እኛ ቀረብ ስንል ደግሞ አልሸባብ አለ። እሱም ጋይዲ ምታኒ የሚል መጽሔት በስዋሂሊ አውጥቷል።

እነዚህ መጽሔቶች የሚሰራጩት በፒዲኤፍ ፋይል ነው። ለምን ፒዲኤፍ? ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደምናደርግ እናውቃለን። አንዴ የወረደ ፋይል ከስልክ ወደ ስልክ ይሄዳል። ከአንድ ቦታ ቢሰረዝ ሌላ ቦታ አለ።

[ምስል፦ ጽሑፉ የደበዘዘ የመጽሔት ገጽ።]

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ። ብዙ ሰው ገጹ ሁሉ ጠመንጃ ይመስለዋል። አይሲስ እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረው ዳቢቅ የተባለ መጽሔት ግን ሐኪሞችና መሐንዲሶች እንዲመጡ ይጠራ ነበር። «ትፈለጋለህ» ነው መልእክቱ። ሥራ ላጣ፣ ሰው ለናቀው ልጅ ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት።

ከዚያ በቦምብ የፈረሰ ቤትና የሞተ ሕፃን ያሳየዋል። ሐዘኑ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ውሸቱ የሚገባው ቀጥሎ ነው፤ የበደሉን ዕዳ ምንም ባላደረገ ሰው ላይ ይጭናል።

በጣም የሚያስቆጨኝ እ.ኤ.አ. በ2015 በዳቢቅ ሰባተኛ እትም የጻፉት ነው። ሙስሊሙ ከሌላው ጋር ተቻችሎ የሚኖርበትን ቦታ «ግራጫው ቀጠና» ብለው ሰየሙት፤ መጥፋት አለበትም አሉ። በእነሱ ስሌት ጥቃት ሲደርስ ሰው እርስ በርሱ ይፈራራል፤ ከዚያ ሙስሊሙ መሄጃ ሲያጣ ወደ እነሱ ይመጣል። እዚህ ባሕር ዳር ሙስሊምና ክርስቲያኑ አንድ ገበያ የሚውልበት፣ ለቅሶ የሚደራረስበት ኑሮ ማለት ነው እንግዲህ ግራጫው ቀጠና።

ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አይሲስ ሊቢያ ውስጥ ወገኖቻችንን ገድሎ ቪዲዮ ለቀቀ። ያኔ ሙስሊሙም ለቅሶ ቤት ገብቶ አብሮ አለቀሰ። ስሌታቸው እኛ ጋ አልሠራም።

[ምስል፦ ስልክ ላይ የሚገባ የማይታወቅ ሰው መልእክት።]

መጽሔቱ ብቻውን ሰው አይመለምልም። በር ከፋች ነው። ቀጥሎ በውስጥ መስመር አንድ ሰው ይመጣል። «ወንድሜ» ይላል፣ ያዳምጣል፣ ያባብላል። ቀስ በቀስ ወደ ሌላ መተግበሪያ ይወስደዋል፤ ለቤተሰብህ አትንገር ይለዋል።

ታናሽ ወንድማችሁ ስልክ ላይ እንዲህ ያለ ፋይል ብታዩ አትጩኹበት። ጩኸቱ ወደዚያ ሰው ይገፋዋል። «ደስ ያለህ የቱ ገጽ ነው?» በሉት። ምናልባት ፍትሕ የሚለውን ያሳያችኋል። ስለ ፍትሑ አብራችሁት አውሩ። በውስጥ መስመር የሚያናግረው ሰው ካለም ተረጋግታችሁ ጠይቁት። ካለ፣ ልጁ የሚያከብረውን አጎት ወይም የሃይማኖት አባት ዛሬውኑ ጥሩ።