ከስብሰባው መውጣት ይበቃል?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን አልዋጥልህ ያለኝ ነገር አለና እሱን ላውጣ ላውርድ።

አንድ የከተማ ምክር ቤት አባል አለ እንበል። ወንድሙ የኮንስትራክሽን ድርጅት አለው። ከተማው የመንገድ ሥራ ጨረታ ያወጣል፣ ወንድምየውም ይወዳደራል። ውሳኔ በሚሰጥበት ቀን አባሉ እጁን አውጥቶ «የጥቅም ግጭት አለብኝ» ይልና ከስብሰባው ይወጣል። መውጣቱ በቃለ ጉባኤ ይያዛል። የቀሩት ድምፅ ይሰጣሉ፤ ወንድምየው ያሸንፋል። በብዙ ቦታ ሕጉ በዚሁ ተከበረ ይባላል።

እኔ ግን ልቀበለው አልቻልኩም። ድምፅ የሚሰጥበት ቀን እኮ የጨረታው ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ነገር የሚያልቀው የጨረታ ሰነዱ ሲዘጋጅ ነው። «ተጫራቹ ይህን ያህል ዓመት ልምድ ያለው፣ እንዲህ ያለ ማሽን በራሱ ስም ያለው መሆን አለበት» የምትል አንዲት መስመር ጣል ትደረጋለች። ሊወዳደሩ ይችሉ የነበሩ ድርጅቶች ገና ሰነድ ሳይገዙ ከጨዋታ ወጡ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ንጹህ ነው። ፖስታው ሰው ባለበት ይከፈታል፣ ዋጋው ይነበባል። ያችን መስመር ያስገባ ሰው በዕለቱ ቢወጣ ባይወጣ ምን ለውጥ አለው?

ከፊርማ በኋላ ያለው ደግሞ ይብሳል። ተቆጣጣሪው መሐንዲስ የተሠራውን ለክቶ ክፍያ ያጸድቃል። «ተጨማሪ ሥራ ተገኘ» ይባልና ውሉ ይሻሻላል፣ ጊዜው ይራዘማል። ይህ ሁሉ ቢሮ ለቢሮ በወረቀት ያልፋል። ስብሰባ ስለሌለ «ልውጣ» የሚባልበት ቦታም የለም። መሐንዲሱ ተቋራጩ የማን ወንድም እንደሆነ ያውቃል። እድገቱ በማን እጅ እንዳለም ያውቃል። ማንም አልደወለለትም። መደወልም አያስፈልግም።

በዚህ ጉዳይ ከረር ያለ ሕግ ካላቸው አንዷ የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ናት። የመንግሥት ሕጓ አንቀጽ 1090፣ ሥሩ እ.ኤ.አ. 1851 ድረስ የሚሄድ ነው። የምክር ቤት አባሉ ራሱ በውሉ የገንዘብ ጥቅም ካለው ምክር ቤቱ በሙሉ ያንን ውል መግባት አይችልም። ሰውየው መውጣቱ አያድንም። ጥቅሙ የሩቅ ከሆነ ሕጉ የተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎችን ይተዋል፤ ከእነዚያ ውጪ ግን ውሉ ፈራሽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1985 የግዛቷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው ጉዳይ አለ። የኦልባኒ ከተማ ምክር ቤት አባል መሬቱን ለአንድ ኩባንያ ሸጠ። ኩባንያው ከከተማው ፈቃድ ይፈልግ ነበርና መሬቱን ለፓርክ ለከተማው አስተላለፈ። በእጅ አዙር ማለት ነው። ፍርድ ቤቱ ሰውየውን 258,000 ዶላር ከነወለዱ መልስ አለው። መሬቱስ? ለከተማው ቀረ! ማጭበርበር አልነበረም፣ ዋጋውም ተገቢ ነበር የሚለው ክርክር አላዋጣም።

ጭካኔ ይመስላል፤ እኔ ግን ከሕጉ ጎን ነኝ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የሚያወራው ሆን ብሎ ስለሚበላው ነው። ለእሱማ የሙስና ወንጀል ሕግ አለ። የጥቅም ግጭት ሕግ የሚያስቸግረው ያልበላውንም ሰው ስለሚይዝ ነው። ለሁለት ጌታ የሚገዛ ሰው ልቡ ወዴት እንዳዘነበለ ራሱም ላያውቀው ይችላላ።

ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 ለማዘጋጃ ቤቶች ባወጣችው የግዥ ደንብ በመንግሥት ሥራ ላይ ላለ ሰው፣ ወይም እሱ ሥራ አስኪያጅ አልያም ዋና ባለድርሻ ለሆነበት ድርጅት፣ ውል መስጠትን ከለከለች። ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጅና ለወላጅ ከሆነ ግን ከ2,000 ራንድ በላይ የሆነው ሁሉ በሒሳብ መግለጫው ላይ ይፋ ይደረግ አለች። ልብ በሉ፣ ወንድምና እህት ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። የአክስት ልጅማ ከነጭራሹ አልታሰበም። ዘመድ አዝማድን በአንቀጽ መቁጠር የት ላይ እንደሚቆም እኔም አላውቅም።

ክልከላው የሚከብደው ትንሽ ቦታ ላይ ነው። በመንደሩ ያለው አንድ አናጢ የምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ እንበል። የትምህርት ቤቱን በር ማን ይጠግን? ክልከላው ከጠበቀ አናጢው ከነጭራሹ አይወዳደርም፤ ምክር ቤቱም ሥራ ፈት ለሆነ ወይም ለጡረተኛ ብቻ ይቀራል።

ፈረንሳይ ለዚህ የቆየ መላ አላት። የወንጀል ሕጓ አንቀጽ 432-12 ባለሥልጣንን በሚመራው ሥራ ጥቅም እንዳይዝ ይከለክላል። ሕዝባቸው ከ3,500 ለማይበልጥ ኮሚዩኖች (የራሳቸው ምክር ቤት ላላቸው የአካባቢ አስተዳደሮች) ግን ተመራጩ በዓመት እስከ 16,000 ዩሮ የሚደርስ ዕቃ ወይም አገልግሎት እንዲያቀርብ ፈቅዷል። ሰውየው በውይይቱም በድምፁም አይሳተፍም። ምክር ቤቱም ያን ጉዳይ በዝግ ማየት አይችልም።

ይቺ የመጨረሻዋ ናት የወደድኳት። እዚህም ሰውየው ይወጣል፤ ነገር ግን በሩ ክፍት ነው፣ ጎረቤት ገብቶ ይሰማል። ጣሪያው በዓመት መሆኑም ብልሃት ነው። በግዥ ቢሆን ኖሮ አንዱን ሥራ አራት ቦታ ከፋፍሎ ማሳለፍ ቀላል ነበር። ትልቅ ከተማ ላይ ያለ የኮንስትራክሽን ውል ግን በዚህ አይፈታም። እዚያ ሰነዱን ማን እንዳረቀቀና ውሉ ስንቴ እንደተሻሻለ በስም በስሙ ይፋ ካልወጣ፣ ስብሰባው ላይ ማን ነበረ ማን አልነበረ ብለን ብንከራከር ብዙም አይገባኝም።

በሉ፣ ሳምንት እንገናኝ። ሰላም ሁኑ።