ማማው ባሕር ላይ ሲሆን

(በፍኖተ ሰላም ለወጣቶችና ከሠራዊት ለተሰናበቱ ወገኖች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንደምን ዋላችሁ!

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ። እኔ ወታደር ሆኜ አላውቅም። ጠመንጃ የተኮስኩት አንድ ጊዜ ነው። የአጎቴን፣ ሠርግ ላይ። ትከሻዬን ሳምንት ሙሉ አሞኛል። የጂጋ ልጅ ነኝ። መካኒካል ምህንድስና ተማርኩ፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ማሪታይም አካዳሚ ገብቼ ሠለጠንኩ፣ ከዚያ በኋላ ዓመታት ያሳለፍኩት የንግድ መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ነው። ታዲያ ስለ መርከብ ጥበቃ አንተን ማን ጠየቀህ ትሉኝ ይሆናል። ሲጠበቅ የነበረው ሰው እኔ ነኛ!

ባለፈው ለእረፍት ስመጣ አንድ የሰፈራችን ልጅ ቤት ድረስ መጣ። ብር ሸለቆ ሠልጥኖ፣ አገልግሎ፣ በክብር የተሰናበተ ነው። «ጋሼ፣ መርከብ ላይ የታጠቀ ጠባቂ ይፈለጋል አሉ። ክፍያው በዶላር ነው። ደላላው ግን ቅድሚያ ይከፈለኝ ብሏል። አንዱን በሬ ልሸጥ ነው» አለኝ። ተቀመጥን፤ ቡና እስኪፈላ አወራን። ዛሬ የምነግራችሁ ያን ቀን ለእሱ የነገርኩትን ነው። በሬውም አልተሸጠም፤ ዘንድሮም አርሷል።

ሥራው ምን እንደሆነ በእኛው ነገር ላስረዳ። በቆሎ እሸት ሲደርስ ማሳው ዳር ማማ ይሠራል። ልጅ ሳለሁ ብዙ ውያለሁ። ዝንጀሮ ሞኝ አይደለም። መጀመሪያ አንዱ ብቅ ብሎ ያያል። ጠባቂው ነቅቷል? ወንጭፍ ይዟል? ነቅቶ ካገኘው ወደ ጎረቤት ማሳ ያልፋል። (ጎረቤቶቻችን ይቅር ይበሉን።) የባሕር ወንበዴም እንዲሁ ነው። በትንሽ ፈጣን ጀልባ፣ መሰላል ይዞ ይመጣል። መርከቧ ጎኗ ዝቅ ያለ፣ ቀርፋፋ፣ ጠባቂ የሌላት ከሆነች ይሞክራል። ከላይ የነቃ ሰው ካየ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ደመወዙ የሚከፈለው ለመታየት ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ጉዞ ልንገራችሁ። ሱዌዝን አልፈን ቀይ ባሕር ላይ አራት ጠባቂዎች ተሳፈሩ። አራት ሰው የተለመደ ቁጥር ነው። መሣሪያቸው በታሸገ ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ ተመሳከረ። እኔ ፊልም ጠብቄ ነበር። እነሱ ግን መጀመሪያ የያዙት እርሳስና ደብተር ነው። መርከቧን ዞሩ። እሾሃማው ሽቦ የት ላላ? የእሳት ማጥፊያው ቱቦ ወደ ውጭ ይረጫል? የትኛው በር ከውስጥ አይቆለፍም? ከዚያ መደበቂያውን አዩ። ሲታደል ይሉታል። ወንበዴ መርከቧ ላይ ከወጣ ሁላችንም ገብተን የምንቆልፈው ክፍል ነው። የእኛ ሲታደል ሞተር ክፍሉ ስለነበር እነሱ ሲመላለሱ የኔን ሻይ ጨረሱት።

ከዚያ በኋላ ያለው መነጽርና ሙቀት ነው። ተረኛው ያያል፣ ይጽፋል፣ ያያል፣ ይጽፋል። አንድ ማለዳ ሦስት ጀልባዎች እየበረሩ መጡ። የቡድኑ መሪ አልተኮሰም። ጠመንጃውን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አነሣና አሳያቸው። ጀልባዎቹ ቆሙ። አንዱ ሰውዬ ጎንበስ አለና ትልቅ ዓሣ ከፍ አደረገ። ዓሣ አጥማጆች ናቸው! መረባችንን ትቆርጡብናላችሁ ብለው ነው የሮጡት። በዚያ ባሕር ዓሣ አጥማጅም ጠመንጃ ይይዛል፤ ስለዚህ መሣሪያ ያየ ሁሉ ወንበዴ አየሁ ማለት አይችልም።

ይህ ተረት እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2012 ኤንሪካ ሌክሲ የተባለች የጣሊያን ነዳጅ ጫኝ መርከብ ላይ የነበሩ ወታደሮች ሕንድ ኬራላ አጠገብ ሁለት ዓሣ አጥማጆችን ወንበዴ መስለዋቸው ገደሉ። ጉዳዩ ሁለት መንግሥታትን አጣልቶ፣ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካሣ ተከፍሎ ፋይሉን የዘጋው በ2021 ነው። እነዚያ ደግሞ የመንግሥት ወታደሮች ናቸው። የግል ጠባቂ ከኋላው የሚቆምለት መንግሥት የለውም።

እዚህ ላይ ለእኛ ሰው የሚከብድ ነገር አለ። እኛ ጎጃም ውስጥ ጠመንጃ የያዘ ሰው ሲናገር ይደመጣል። መርከብ ላይ ግን የመጨረሻው ቃል የካፒቴኑ ነው። ካፒቴኑ ተኩስ አቁም ካለ ይቆማል። ፉከራ የለም። ቀረርቶም በእረፍት ሰዓት፣ ቀስ ተብሎ።

ወደ ወረቀቱ ልምጣ፤ የመጣችሁትም ለእሱ ነው።

ከሠራዊት በሥነ ሥርዓት የተሰናበታችሁበት ማስረጃ ያስፈልጋል። ከወንጀል ነፃ የሚል ማስረጃም እንዲሁ። ፓስፖርት፣ የባሕረኛ ደብተር (የባሕረኛው መታወቂያና የባሕር አገልግሎቱ የሚመዘገብበት)፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ፣ የባሕር ሐኪም የሰጠው የጤና ምስክር ወረቀት ይከተላሉ። ጤናውን ከሁሉ በፊት ተመርመሩ። ዓይን ወይም ጆሮ ላይ ችግር ካለ ለሥልጠና ገንዘብ ሳታወጡ ብታውቁት ይሻላል።

ቀጥሎ ኤስቲሲደብሊው የሚባለው ነገር ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣ፣ ባሕረኛ ምን መሠልጠን እንዳለበት የሚወስን ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። መሠረታዊው ሥልጠና አራት ክፍል አለው፤ ውኃ ላይ ሕይወትን ማትረፍ፣ እሳት ማጥፋት፣ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ፣ እንዲሁም መርከብ ላይ ራስን ጠብቆ ከሰው ጋር መኖር። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል። ወር ሙሉ አንድ ፊት እያያችሁ ኑሩና ንገሩኝ።

ከዚያ የደኅንነት ሥልጠና አለ። አሜሪካ ላይ ከደረሰው የመስከረም 1ዱ ጥቃት በኋላ ዓለም ስለ መርከብና ወደብ ደኅንነት አዲስ ሕግ አወጣ፤ አይኤስፒኤስ ይባላል፤ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2004 ነው። ጀማሪ የደኅንነት ግንዛቤና የተመደበ የደኅንነት ተግባር የሚባሉትን ሰርተፊኬቶች ይወስዳል። «በአንድ ሳምንት የመርከብ ደኅንነት መኮንን እናደርግሃለን» የሚል ሰው ከመጣ ተጠንቀቁ። ያ ወረቀት የ12 ወር የባሕር አገልግሎት፣ አለዚያም በቂ የባሕር ልምድና የመርከብ አሠራር ዕውቀት ይጠይቃል። በመጨረሻ ነው የጦር መሣሪያ ብቃት ማረጋገጫው የሚመጣው። አያችሁ? ጠመንጃው ከሰልፉ መጨረሻ ነው የቆመው።

እንግሊዝኛም አለ። ቅኔ መዝረፍ አይጠበቅባችሁም። በሬዲዮ ሰምቶ መመለስና የሆነውን በደብተር መጻፍ ግን ግድ ነው።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። መሠረታዊው ሥልጠና በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል። የኔ ጊዜ ሲደርስ ባሕር ማዶ፣ አንድ ወደብ ከተማ ውስጥ ነበርኩ። አንድ ማሠልጠኛ በርካሽ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ አድሼ እሰጥሃለሁ አለኝ። ውኃ ውስጥ እንኳ አልገባሁም። ወረቀቱ ያምራል፤ ማኅተሙ ያብረቀርቃል። መርከብ ልሳፈር ስል ወኪሉ ቁጥሩን አጣራ። የለም። ስድስት ወር እናቴ ቤት ቁጭ አልኩ። የተማረ ሰው ነኝ፤ ግን ርካሽ ነገር አታለለኝ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህን ሰርተፊኬት የሰጠው አገር የባሕር ባለሥልጣን በቁጥሩ ፈልጎ ያገኘዋል ወይ?

ደላላውንም በሕግ አፍ መልሱለት። እ.ኤ.አ. የ2006ቱ የባሕረኞች የሥራ ስምምነት ቀጣሪ አገናኝ ከባሕረኛ የቅጥር ክፍያ እንዳይወስድ ይከለክላል። ለፓስፖርት፣ ለባሕረኛ ደብተርና ለጤና ወረቀት ከሚወጣው በቀር ማለቴ ነው። አንዳንድ አገር ጠባቂን እንደ ባሕረኛ ላይቆጥረው ይችላል። ቢሆንም በሬ ሽጥ የሚል ደላላ ከየትኛውም ሕግ ጋር አይስማማም።

ገበያውስ? እውነቱን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 የሶማሊያ ወንበዴዎች ጥቃት 237 ደርሶ ነበር። ያኔ መርከቦች ጠባቂ ይሻሙ ነበር። በ2012 ወደ 75 ወረደ። በ2013 15 ብቻ ሆነ። ወንበዴው ሲቀንስ ክፍያውም ቀነሰ። በ2023 መጨረሻ ነገሩ እንደገና ተነሣ፤ ሩዌን የተባለች መርከብ በታኅሣሥ ተጠልፋ የሕንድ ባሕር ኃይል በመጋቢት 2024 አስለቀቃት። ግን በዚያው ሰሞን ከየመን በኩል ሚሳኤልና ድሮን መጣ። ለሱ አራት ጠመንጃ ምን ያደርጋል? ውድድሩም ቀላል አይደለም። ሕንዱ፣ ኔፓሉ፣ ግሪኩ፣ ዩክሬኑ ሰልፍ ይዟል፤ ብዙዎቹ ልምድና ወረቀት ይዘው ነው የቆሙት።

ሥራ ከተገኘም ውሉን አንብቡ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 ሲማን ጋርድ ኦሃዮ የተባለች ጠባቂዎችን የምትይዝ መርከብ ሕንድ ታሚል ናዱ ውስጥ ተያዘች። መሣሪያችሁ ፈቃድ የለውም ተባለ። 35 ሰው ታሰረ። በ2016 አምስት ዓመት ተፈረደባቸው፤ ነፃ የወጡት በ2017 ኅዳር ነው። አራት ዓመት! ስለዚህ ጠይቁ። መሣሪያው በየትኛው አገር ነው የተፈቀደው? ብታሰር ጠበቃ ማን ያቆምልኛል? ኢንሹራንሱ ስሜን ይዟል? መመለሻ ቲኬት በማን ነው? ኩባንያው አይኤስኦ 28007 የሚባለውን የባሕር ጥበቃ መስፈርት አሟልቷል? በዚህ የሚናደድ ቀጣሪ ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል።

የኔን ሐሳብ ከፈለጋችሁ፣ ከማማው ይልቅ መርከቧ ውስጥ ቦታ አለ። ሜካኒካል ወይም ኤሌክትሪካል የተማራችሁ፣ ሴቶችም ጭምር፣ ባሕር ዳር ቅርብ ነው። በተጨማሪም ምግብ ማብሰል፣ መርከብ ወለል ላይ መሥራትም ሥራ ነው። አንድ ጊዜ የባሕር አገልግሎት ከተመዘገበላችሁ ጥበቃውንም በኋላ በሰፊው በር መግባት ይቻላል።

አሁን ዋና የሚችል እጁን ያውጣ።

ብዙ እጅ እንደማይወጣ አውቄ ነበር። እኔም ብር ወንዝ ላይ መንቦጫረቅን ዋና ነው ብዬ ነው የሄድኩት። በሥልጠናው ከከፍታ ውኃ ውስጥ ያዘልሏችኋል፤ የተገለበጠ የጎማ ጀልባ መልሳችሁ ትገለብጣላችሁ። ልምምዱን ግን ጣና ውስጥ አትጀምሩ፤ ቢልሃርዝያ አለ። ጉማሬም አለ። ባሕር ዳር መዋኛ ያላቸው ሆቴሎች አሉ፤ ደላላው ከሚጠይቀው በጣም ባነሰ ያስገባሉ።

ሻይ ደርሷል መሰለኝ። ወረቀት የያዛችሁ ወደ ኋላኛው ጠረጴዛ ኑ፤ አብረን እናያለን። ኮፒውን ብቻ አሳዩኝ። ዋናውን ለማንም አትስጡ፤ ለእኔም ቢሆን።